ቀጠሮ ቀን ብቻ አይሁን፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት
በደሴና በኮምቦልቻ ለሚያስችሉ ፍርድ ቤቶች ፕሬዚዳንቶች፣ ዳኞችና ሬጅስትራሮች
ግልባጭ፦ ለባለጉዳዩ ሕዝብ

ጉዳዩ፦ የመዝገብ አያያዝና የቀጠሮ አሰጣጥ እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

ፍርድ ለምን ይዘገያል ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ ዳኛ አነሰ፣ በጀት ጠበበ፣ ኮምፒውተር የለም። ሦስቱም እውነት ናቸው። ይሁን እንጂ ውሳኔ ያገኘ አንድ የቆየ መዝገብ ከመደርደሪያ አውርዶ ትዕዛዞቹን ከመጀመሪያው ቅጠል እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ሌላም ነገር ያያል። ዳኛው ክርክር የሰማባቸው፣ ምስክር ያደመጠባቸውና ፍርድ የጻፈባቸው ቀናት በጣት ይቆጠራሉ። የቀረው ጊዜ መዝገቡ አንድ ነገር ሲጠብቅ ያለፈ ነው፤ መጥሪያ እስኪደርስ፣ ከመሬት አስተዳደር መልስ እስኪመጣ፣ ምስክር እስኪገኝ፣ አንዳንዴም መዝገቡ ራሱ እስኪገኝ።

ይህን ደብዳቤ የጻፍነው በደሴና በኮምቦልቻ በጥብቅና፣ በሬጅስትራርነትና በመዝገብ ቤት ሥራ ላይ የቆየን ሰዎች ነን። ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ የየትኛውንም ችሎት ጓዳም አንገልጥም። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ማንኛውም መዝገብ በተቀጠረበት ቀን ሊሠራበት የታሰበው ሥራ በእርግጥ መዘጋጀቱን ከቀኑ በፊት የሚያጣራ ሰው በየችሎቱ ይመደብ። ዳኛ መጨመሩም ኮምፒውተር መግዛቱም ከዚህ በኋላ ይምጣ፤ ካልሆነም ጎን ለጎን ይሂድ።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ተራ የገንዘብ ክስ ከተከፈተ እስኪፈረድ ስድስት ቀጠሮ ይፈልጋል እንበል፤ በሁለት ቀጠሮዎች መካከልም 30 ቀን ይኑር። ስድስቱም ቀጠሮዎች ሥራ ከሠሩ ነገሩ በ6 ወር ያልቃል። እያንዳንዱ አንድ አንድ ጊዜ ከባከነ አንድ ዓመት፣ ሁለት ሁለት ጊዜ ከባከነ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ይሆናል። ፍርዱ ያው ነው፣ ምስክሮቹም ያው ናቸው። ዳኛው ግን በየባከነው ቀጠሮ መዝገቡን እንደገና ማንበብ ስላለበት ድካሙ ይጨምራል። ግማሽ ቀጠሮው የሚባክንበት ችሎት ላይ አንድ ዳኛ ቢጨመር የሚገኘው ትርፍ በግማሹ የባከነ የሁለት ዳኛ ጊዜ ነው።

አባቶች «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይሉ ነበር። ዛሬ ከመካነ ሰላም ወይም ከወረኢሉ ተነስቶ ደሴ የሚመጣ ባለጉዳይ ጭብጦውን ለማስመለስ በቅሎውን ለመኪናና ለአልጋ ይከፍላል። ዋዜማውን መጥቶ ያድራል፤ በማግስቱ ችሎት ደጃፍ ላይ «መጥሪያው ስላልደረሰ ለሚቀጥለው ወር» ይባላል። መጥሪያው አለመድረሱ ከሳምንት በፊት ሊታወቅ ይችል ነበር። የሚያውቀው ሰው ግን አልተመደበም።

ከመጥሪያው እንጀምር፤ ትልቁ ብክነት ያለው እዚያ ነው። የክስ አቤቱታዎች የተከሳሽን አድራሻ በአብዛኛው የሚጽፉት «ደሴ ከተማ ቀበሌ እገሌ» ብለው ነው። በዚህ አድራሻ ሰው ማግኘት የሚችለው ተከሳሹን ቀድሞ የሚያውቅ ብቻ ነው። መጥሪያውን የሚያደርሰው ከሳሹ ራሱ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከሳሹ አንዳንዴ ተከሳሹን ይፈራዋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ተከሳሹ ባይሰማ ይሻለዋልና አድርሻለሁ ብሎ በመሐላ ይቀርባል። ችሎቱም ጉዳዩን በሌለበት ያይና ይፈርዳል። የፍርዱ አፈጻጸም ሲጀመርና ንብረት ሲያዝ ተከሳሹ ከች ይላል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 78 መሠረት መጥሪያ በአግባቡ አልደረሰኝም ብሎ ያመለክታል፤ እውነት ሆኖ ከተገኘም መዝገቡ ወደ መነሻው ይመለሳል። ያ ሁሉ ጊዜ የተበላው ክስ ሲከፈት አራት መስመር አድራሻ ስላልተጠየቀ ነው።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ክስ ሲከፈት የሚሞላ አንድ ገጽ ቅጽ ይበቃል። የተከሳሽ ስም እስከ አያት፣ የሚጠራበት ሌላ ስም ካለ፣ ስልክ፣ ቀበሌና ሰፈር፣ በአቅራቢያው ያለ የታወቀ ቦታ፣ የሥራ ቦታ፣ ተከሳሹን የሚያገኝ የሌላ ሰው ስልክ። ከሳሹ የማያውቀውን «አላውቅም» ብሎ ይጻፍ፤ ባዶ ግን አይተው። መጥሪያ አድራሹ በሁለት የተለያዩ ቀናት፣ አንዱን ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ይሞክር፤ ሄዶ ያጣበትን ቀን፣ ሰዓትና ያነጋገረውን ሰው ይመዝግብ። ይህ ሪፖርት ከቀጠሮው 10 ቀን በፊት መዝገቡ ውስጥ ይግባ። ካልደረሰ መዝገቡ የቀጠሮውን ቀን ሳይጠብቅ ዳኛው ጠረጴዛ ላይ ይቅረብ፤ በዚሁ ሕግ ቁጥር 105 መሠረት በምትክ የማድረሻ መንገድ፣ ማለትም በእጅ ከመስጠት ሌላ በሆነ መንገድ፣ እንዲደርስ ይታዘዝ። ዛሬ የተለመደው ግን ቀኑ ደርሶ፣ ባለጉዳዩ መጥቶ፣ ከዚያ በኋላ ነው ምትክ አደራረስ የሚታዘዘው። አንድ ወር እዚያው ይበላል።

ከገጠር የሚመጡ ተከሳሾችን በተመለከተ አንድ የአካባቢ ብልሃት እንጨምር። የደሴ ዙሪያም ሆነ የኩታበር ገበሬ በገበያ ቀን ገበያ ይወጣል። የመጥሪያ አድራሹ የጉዞ ፕሮግራም ከገበያ ቀን ጋር ከተገናዘበ ሦስት ቀበሌ በእግር ከመዞር አንድ ጠዋት ይበቃል። በስልክ የሚላክ አጭር መልእክት ደግሞ ጥሩ ማስታወሻ ነው፤ የመጥሪያ ምትክ ግን አይደለም። ሁለቱን የሚያምታታ አሠራር ነገ በይግባኝ ይሻርበታል።

ክስ ሲከፈት የሚደረገው ምርመራም መስተካከል አለበት። ሬጅስትራሩ ፊት የሚቀርበው አቤቱታ ጉድለቱ ተደጋጋሚ ነው። በተከሳሾቹ ቁጥር ልክ ኮፒ የለውም፤ የክሱ የገንዘብ መጠን አልተገለጸም፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 223 የሚጠይቀው የማስረጃ ዝርዝር አልተያያዘም፤ የሰነዱ ዋና የት እንዳለ አልተጻፈም፤ ውክልናው ለዚህ ጉዳይ አይሆንም። ጉድለት መኖሩ አያስገርምም። ባለጉዳዩን የሚያደክመው አንድ በአንድ መነገሩ ነው። ሰኞ ኮፒ ጎደለ ይባላል፣ ረቡዕ ውክልና፣ ዓርብ ዝርዝር። ጉድለቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ በአንድ ወረቀት ላይ ምልክት ተደርጎበት፣ በፈራሚው ስም ይሰጠው። ሲመለስ በወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ አዲስ ምክንያት እንዳይነሳበት። ይህ ለሙስናም በር ይዘጋል፤ ጉድለትን በአፍ ብቻ የሚናገር ሰው ጉድለትን በአፍ ይቅር ማለትም ይችላልና።

በዚያው ቅጽ ላይ ለወሎ በተለይ የሚያስፈልግ ጥያቄ አለ። «ይህ ጉዳይ በሌላ ፍርድ ቤት፣ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ወይም በሽምግልና ቀርቦ ያውቃል ወይ?» በውርስና በጋብቻ ጉዳይ አንዱ ወገን መደበኛ ፍርድ ቤት፣ ሌላው ሸሪዓ ፍርድ ቤት መሄዱ አዲስ ነገር አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ የፈቀደው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ካልተረጋገጠ ሁለት መዝገብ ጎን ለጎን ይሄድና አንዱ ከሁለት ዓመት በኋላ ዋጋ ያጣል። ጥያቄው በመጀመሪያው ቀን ቢጠየቅ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሌላው ትልቅ ጉድጓድ «ይጻፍ» የሚለው ትዕዛዝ ነው። የይዞታ ክርክር ሲነሳ ችሎቱ ለመሬት አስተዳደር ወይም ለማዘጋጃ ቤት እንዲጻፍ ያዛል። ደብዳቤው ብዙ ጊዜ «በክርክሩ ላይ ስላለው ይዞታ አጣርታችሁ እንድትገልጹልን» ይላል። ባለሙያው ምን እንደተጠየቀ አያውቅም። ሰነዱን ይመልከት፣ ቦታውን ይለካ፣ ምስክር ይጠይቅ አልተነገረውም። ስለዚህ ወይ ዝም ይላል፣ ወይም ለማንም የማይጠቅም አራት መስመር ይልካል፤ አንዳንዴ ደግሞ ከሥራው ወጥቶ «መሬቱ የአመልካች ነው» ብሎ ይፈርዳል። ከዚያ አንደኛው ወገን ይቃወማል፤ በድጋሚ ይጻፍ ይባላል። ሦስት ቀጠሮ ሄደ።

ጥሩ ደብዳቤ የተቆጠሩ ጥያቄዎች አሉት። አንድ፣ ይህ ቁጥር ያለው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በማን ስም፣ በምን ቀን ወጣ? ሁለት፣ በደብተሩ ላይ ያለው ስፋትና አዋሳኝ ምን ይላል? ሦስት፣ ቦታው ግራ ቀኙ ባሉበት ሲለካ ስፋቱ ስንት ነው፣ ልዩነት ካለ በየትኛው አቅጣጫ ነው? አራት፣ በፋይሉ ውስጥ የስም ዝውውር አለ? ካለ በምን ሰነድ ተፈጸመ? በደብዳቤው ላይ የመዝገቡ ቁጥር፣ መልሱ የሚደርስበት ቀን (ከቀጠሮው ቢያንስ 10 ቀን በፊት)፣ የልኬቱ ቀንና የችሎቱ ስልክ ይጻፍ። ማን እንደወሰደውና ማን እንደተቀበለው በደብዳቤ ማስረከቢያ መዝገብ ላይ ይፈረም። ባለጉዳዩ እጅ ላይ ታሽጎ የሚሰጥ ደብዳቤ ለአንዱ ሲቸኩል ለሌላው ይጠፋል። በ15ኛው ቀን መልስ ከሌለ ማስታወሻ ይውጣ፤ ከዚያም ካልመጣ ኃላፊው ቀርቦ ያስረዳ። እዚህ ላይ ለመሬት አስተዳደር ባለሙያዎችም እንፍረድ። ከየችሎቱ የሚመጣው ትዕዛዝ ወረፋ ሳይኖረው ጠረጴዛቸው ላይ ይቆለላል፤ ለልኬት መኪና የሚሰጣቸውም የለም። ሁሉም ችሎቶች የልኬት ትዕዛዛቸውን በአንድ ዝርዝር ሰብስበው በሳምንት አንድ ቀን በአቅጣጫ ቢያቀናጁ፣ አንድ ጉዞ ብዙ መዝገብ ያነሳል።

አሁን ወደ መዝገብ ቤት እንግባ። መዝገብ የሚጠፋው ሌባ ስለሚሰርቀው ብቻ አይደለም። ጠፋ ከሚባለው አብዛኛው ሕንፃው ውስጥ አለ። ዳኛ ጠረጴዛ ላይ፣ ጸሐፊ መሳቢያ ውስጥ፣ ለግልባጭ ወጥቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ፣ ወይም ቁጥሩ 1 እና 7 ተመሳስሎ በሌላ መደርደሪያ። ስለዚህ የመጀመሪያው መሣሪያ የመውጫ ካርድ ነው። መዝገቡ ሲወጣ በቦታው ጠንካራ፣ ቀለሙ ከሩቅ የሚታይ ካርድ ይቀመጣል። ካርዱ ላይ የመዝገብ ቁጥር፣ ማን እንደወሰደው፣ ለምን፣ መቼ እንደወጣና መቼ እንደሚመለስ ይጻፋል። ካርዱ ከመደርደሪያው ጎልቶ እንዲታይ ከማኅደሩ በሁለት ጣት ይርዘም። ባዶ ቦታ ያለ ካርድ ከተገኘ በዚያው ቀን ይፈለጋል፤ በቀጠሮው ቀን አይደለም።

ሁለተኛው ቆጠራ ነው። አንድ ችሎት 400 ያልተዘጉ መዝገቦች አሉት እንበል። ሁለት ሰዎች በቀን 100 ቢቆጥሩ በአራት ቀን ያልቃል። የሚመዘግቡት አምስት ነገር ብቻ ነው፤ ቁጥር፣ የተከፈተበት ቀን፣ የጉዳዩ ዓይነት፣ የመጨረሻው ትዕዛዝ፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ። በእንዲህ ያለ ቆጠራ ሁልጊዜ የሚወጣ ጉድ አለ፤ ቀጠሮ የሌላቸው መዝገቦች። ለምርመራ ተብለው ወጥተው ሳይመለሱ የቀሩ፣ ይግባኝ ፍርድ ቤት ጠይቋቸው ሄደው የተረሱ፣ ዳኛው ሲቀየር ለማንም ያልተላለፉ። እነዚህ በሪፖርት ውስጥ አይታዩም፤ የቀጠሮ መዝገብ ላይ ስለሌሉ ማንም አይጠራቸውም።

ቆጠራው ሳያልቅ ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት መጀመር ደግሞ ስህተቱን ማተም ነው። ወረቀቱና ኮምፒውተሩ የተለያየ ቀጠሮ ካሳዩ የትኛው ይበልጣል የሚለው በጽሑፍ ካልተወሰነ ጠዋት ላይ ሁለት ዝርዝር ይዘው የሚከራከሩ ሁለት ጸሐፊዎች ይፈጠራሉ። ቀን ተቆርጦ ይነገር። ከዚህ ቀን በፊት ወረቀቱ፣ ከዚህ ቀን በኋላ ኮምፒውተሩ። መብራት ሲጠፋስ? የነገው የቀጠሮ ዝርዝር ዛሬ በ10 ሰዓት ታትሞ ይለጠፍ፤ ያኔ መብራት ቢጠፋም ችሎቱ ይውላል።

ስለ ቅጂም አንድ ነገር። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ላይ ዝርፊያና ጉዳት ደርሷል። ወረቀቱ አንድ ብቻ የሆነ ማስረጃ ምን ያህል ቀጭን ክር ላይ እንደተንጠለጠለ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ሁሉንም ቅጠል ስካን ማድረግ ዓመታት ይፈጃል፤ አያስፈልግምም። አራት ነገር ይቅደም፤ የመዝገብ መክፈቻ ባሕር መዝገቡ፣ የክስ አቤቱታውና መልሱ፣ የምስክሮች ቃል፣ ፍርዱ። እነዚህ ካሉ የጠፋ መዝገብ በግራ ቀኙ ኮፒ እየተደገፈ እንደገና ሊቋቋም ይችላል። ቅጂው ግን ያው ሕንፃ ውስጥ እንዳይቀመጥ። ባሕር ዳር ይላክ።

ስለ ሰዓት። አንድ ችሎት ለአንድ ጠዋት 24 መዝገብ ቀጥሮ ሁሉንም «በ3 ሰዓት» ቢጠራ፣ ከ3 እስከ 6 ያለው 180 ደቂቃ ለእያንዳንዱ ሰባት ደቂቃ ተኩል ያደርሰዋል። በዚህ ምስክር አይሰማም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ይሰሙና የቀሩት «በጊዜ ጥበት» ይቀጠራሉ። ምስክር ይዞ የመጣ ሰው በጊዜ ጥበት ሲመለስ በሚቀጥለው ወር ከሦስቱ ምስክሮች ሁለቱን ይዞ ይመጣል፤ ሦስተኛው ታክቶታል። ትዕዛዝ የሚሰጥባቸው አጫጭር መዝገቦች ከ3 እስከ 4 ይጠሩ። ምስክር የሚሰማባቸው ሁለት ወይም ሦስት መዝገቦች ከ4 በኋላ ይቀመጡ። በማለዳ መኪና ተሳፍሮ የሚመጣ ባለጉዳይ ያኔ ሳያድር ይደርሳል። ቀጠሮ ሲሰጥ ባለጉዳዩን «ከየት ነው የምትመጡት?» ብሎ መጠየቅ ከሕግ ጋር የሚጋጭ ነገር የለውም።

ቀጠሮ በተሰጠ ቁጥር ምክንያቱ በማኅደሩ የውስጥ ሽፋን ላይ በምድብ ይጻፍ። መጥሪያ አልደረሰም፤ መዝገብ አልቀረበም፤ ምስክር አልመጣም፤ የጽሕፈት ቤት መልስ አልመጣም፤ ጠበቃ ሌላ ችሎት ነበረበት፤ ዳኛ ስብሰባ ወይም ሥልጠና ላይ ነበር፤ ጊዜ አልበቃም፤ ግራ ቀኙ ለእርቅ ጠየቁ። ስምንት ምክንያት ይበቃል። «ሌላ» የሚል ምድብ አይኑር፤ ከተፈቀደ ሁሉም እዚያ ይገባል። የወሩ መጨረሻ ላይ ድምሩ ሲታይ መድኃኒቱ ራሱን ይጠቁማል። ጠበቆች የሚበዙበት ችሎት የጠበቆችን የቀጠሮ ግጭት አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ስብሰባ የሚበዛበት ችሎት ስብሰባውን ከችሎት ቀን ያንሳ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በቁጥር 197 ቀጠሮ የሚለወጠው በበቂ ምክንያት እንደሆነ ይናገራል። ያለ በቂ ምክንያት ያስቀጠረ ወገን፣ እኛን ጠበቆችን ጨምሮ፣ የሌላውን የቀኑን ወጪና ኪሳራ ይሸፍን። ይህ ትዕዛዝ በወር ሁለት ጊዜ ቢሰጥ ወሬው ችሎቱን ሁሉ ያዳርሳል።

የቀጠሮ አጣሪው ሠራተኛ ሥራ እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ይወጣል። ከቀጠሮው ሰባት ቀን በፊት መዝገቡን አውጥቶ ሦስት ነገር ያያል። መጥሪያው ደርሷል? የታዘዘው ሰነድ መጥቷል? ሰዎቹ እንደሚመጡ በስልክ ተረጋግጧል? አንዱ ከጎደለ በዚያው ቀን ለዳኛው ማስታወሻ ያቀርባል፤ ዳኛው ቀኑን ከለወጠ ለግራ ቀኙ ይደውላል፤ ክፍት የሆነውን ቦታም ዝግጁ በሆነ ሌላ መዝገብ እንዲሞላ ያስወስናል። አጥብቀን የምናስጠነቅቀው አንድ ነገር አለ። ሠራተኛው ቀን የመለወጥ ሥልጣን እንዳይሰጠው። ሥልጣኑ ጸሐፊ እጅ ከገባ ቀን ይሸጣል። እሱ ያዘጋጃል፣ ዳኛው ይፈርማል።

የኮምቦልቻ ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ፣ ከዚያም በፊት ጨርቃ ጨርቁና ሌሎቹ ፋብሪካዎች ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ክርክር የከተማዋ የዕለት ነገር ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ክርክር ችሎት በ60 ቀን እንዲወስን ይጠበቃል። ቀጠሮ በልማድ በየ30 ቀኑ የሚሰጥ ከሆነ በ60 ቀን ውስጥ የሚገባው ሁለት ቀጠሮ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው በመጥሪያ ይባክናል። ሕጉ የሚጣሰው ማንም ሊጥሰው አስቦ ሳይሆን በቀን መቁጠሪያው ነው። ለነዚህ መዝገቦች ሌላ ልኬት ይኑር። መልስ በ10 ቀን፣ መስማት በ25ኛው ቀን አካባቢ፣ ፍርድ ከ45ኛው ቀን በፊት። የቀረው 15 ቀን ለብልሽት መጠባበቂያ ነው። በፋብሪካ ላይ የሚቀርብ ክስ የሚደናቀፈው ብዙ ጊዜ በስም ነው። ሠራተኛው በር ላይ የተሰቀለውን ስም ይጽፋል፤ የድርጅቱ የንግድ ምዝገባ ስም ሌላ ነው። ወይም መጥሪያው ለፓርኩ አስተዳደር ይሰጣል፤ አስተዳደሩ አሠሪው አይደለም። ክስ ሲከፈት የደመወዝ ወረቀት ወይም የሥራ ውል ኮፒ ተይዞ ስሙ ከዚያ ይገልበጥ፤ የሼድ ቁጥር ይጻፍ። ሥራ አስኪያጁ አማርኛ የማይናገር ከሆነ አስተርጓሚ የሚያስፈልግ መሆኑ በመስማት ቀን ሳይሆን በመልሱ ላይ ይታወቅ። ከሥራ የተሰናበተ ልጅ የቤት ኪራይ መክፈል ስለማይችል ወደ ቤተሰቦቹ ወረዳ ይመለሳል፤ ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ የሚቀረው ነገሩን ስለተወው አይደለም።

ዳኛ ሲዛወርም መዝገብ ይጎዳል። ምስክር የሰማው ዳኛ ሳይፈርድ ሲሄድ አዲሱ ዳኛ ከወረቀት ላይ ያነባል። ስለዚህ ምስክር ሰምቶ የጨረሰባቸውን መዝገቦች ሳይወስን ማንም ዳኛ ባይነሳ። ሌሎቹን በአንድ ገጽ ማስታወሻ ያስረክብ፤ የተያዘው ጭብጥ፣ የተሰማው፣ የቀረው።

በእርቅ ማለቅ የሚችለውን በእርቅ መጨረስ ሕጉም ይፈቅዳል፤ አበጋር የሚባለው ባህላዊ አስታራቂና ሽማግሌ ባለበት በወሎ ምድር ደግሞ ማስተማር አያሻውም። የፌዴራል ፍርድ ቤቶችም በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 የጉዳዮች ፍሰት አስተዳደርንም አስማሚነትንም በሕግ አስገብተዋል። የምንፈራው «ሽማግሌ ይዘናል» እየተባለ ቀጠሮ መግፊያ እንዳይሆን ነው። አንድ ጊዜ፣ ለ30 ቀን ይሰጥ፤ ሽማግሌዎቹ በስም ይመዝገቡ። ከቀኑ በኋላ መዝገቡ ከቆመበት ይቀጥል። ስምምነቱም ማን፣ ምን ያህል፣ እስከ መቼ የሚል ይሁን። «ተስማምተው ለመኖር ተስማምተዋል» የሚል እርቅ በአፈጻጸም ሊፈጸም አይችልም።

የሪፖርቱን ነገር ሳናነሳ አናልፍም። ፍርድ ቤቶች የሚመዘኑበት የማጥራት ምጣኔ፣ የተወሰኑት ለተከፈቱት ተካፍለው በመቶ የሚገለጹበት፣ ጠቃሚ ነው፤ ብቻውን ግን ያታልላል። በዓመት 1,000 ተከፍቶ 1,000 ቢዘጋ መቶ በመቶ ነው። ከድሮ የተንከባለሉት 60 ከባድ መዝገቦች ካልተነኩ ግን እያንዳንዳቸው አንድ ዓመት አረጁ እንጂ ምንም አልሆኑም። ቁጥሩ ዳኛውን ወደ ቀላሉ መዝገብ ይገፋዋል። ሰኔ ሲደርስም የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ነው ተብሎ የሚጣደፍ ውሳኔ ይበዛል፤ ከፊሉ በይግባኝ ተሽሮ በኅዳር ይመለሳል፤ ሲመለስ እንደ አዲስ ተቆጥሮ እንደገና ይዘጋል። ከምጣኔው ጎን ሁለት ነገር ይጨመር። አንዱ፣ በዓመቱ መጨረሻ የቀሩት ለተዘጉት ተካፍለው በ365 ሲባዙ የሚገኘው፣ የቀሩትን ለመጨረስ የሚፈጀውን ጊዜ የሚያሳየው ቀን ነው፤ 400 ቀርተው 800 ከተዘጉ ወደ 183 ቀን ይሆናል። ሌላው፣ ከሁሉም በላይ የምንፈልገው፣ የየችሎቱ 20 እጅግ የቆዩ መዝገቦች ዝርዝር ነው። ቁጥራቸው፣ የተከፈቱበት ቀንና የሚጠብቁት ነገር ብቻ፤ የተከራካሪዎች ስም ሳይኖር በየወሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

የአፈጻጸም መዝገቦች የራሳቸው ቀን ይኑራቸው። ከአዳዲስ ክሶች ጋር ሲደባለቁ ሁልጊዜ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ፍርድ ይዞ ገንዘቡን ያላገኘ ሰው ግን ገና ምንም አልተፈረደለትም።

የምንጠይቀው ሙከራ ትንሽ ነው። ከደሴ አንድ የፍትሐ ብሔር ችሎት፣ ከኮምቦልቻ አንድ የሥራ ክርክር የሚያይ ችሎት ይመረጥ። ቆጠራው በክረምቱ እረፍት ይደረግ፤ ሥራው ጥቅምት ላይ ተጀምሮ እስከ መጋቢት መጨረሻ ይሂድ። ለእያንዳንዱ ችሎት የሚያስፈልገው አንድ የቀጠሮ አጣሪ ሠራተኛ፣ ሁለት መጥሪያ አድራሾች፣ አንድ የችሎቱ የሆነ ስልክ፣ 400 ያህል የመውጫ ካርድና የሽፋን ቅጽ ነው። ስልኩ የሠራተኛው የግል ስልክ አይሁን፤ ሰው ሲዛወር ቁጥሩ አብሮ ይዛወራል። ሙከራው ከመጀመሩ በፊት ያለፉት ስድስት ወራት የባከኑ ቀጠሮዎች ከ100 መዝገብ ላይ ይቆጠሩ፤ አለበለዚያ በመጋቢት ተሻሻለ ወይም አልተሻሻለም የሚለው የስሜት ክርክር ይሆናል። ቆጠራውን ችሎቱ ራሱ ሳይሆን የሌላ ችሎት ሬጅስትራር ቢያደርገው ይመረጣል።

በደብዳቤው የጠቀስናቸውን ቅጾች፣ የአድራሻውን፣ የጉድለት ማሳወቂያውን፣ የመውጫ ካርዱንና የውስጥ ሽፋኑን፣ ናሙና በአማርኛ አዘጋጅተናል። ለሁለቱ ከተሞች ሬጅስትራሮች በእጅ እናስረክባለን፤ የሚቀነስና የሚጨመር ካለ ብዕር ይዘን እንቀመጣለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
በደሴና በኮምቦልቻ በጥብቅና፣ በሬጅስትራርነትና በመዝገብ ቤት ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች